ለሊሴ የዋኘችበት በጋ

ባለፈው ጥር ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ለሥልጠና ወጥተን ነበር። በመጨረሻው ቀን እንድንዝናና ብለው አንድ ሐይቅ ዳር ወሰዱን። ጀልባ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሠራተኛው ብርቱካንማ ላይፍ ጃኬቶችን ከክምር እያነሣ ያድለን ጀመር። የእኔን ተቀብዬ ደረቴ ላይ ሳደርገው ሸተተኝ። እርጥብ ስፖንጅ፣ ፀሐይ የበላው ላስቲክ፣ ትንሽ ዓሣ፣ ትንሽ የሰው ላብ። ማሰሪያውን መቆለፍ አቃተኝ። ሰውየው የማላውቅበት መስሎት ሊረዳኝ እጁን ሲዘረጋ ጃኬቱን መልሼ ሰጠሁት።

"እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቦርሳችሁን እጠብቃለሁ" አልኳቸው።

"ውኃ ትፈሪያለሽ እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጀልባው ርቆ ድምፃቸው እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ቆየሁና ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለውን ጃኬት ማጠብና ማስጣት ሥራዬ ነበር። ያኔ እህቴ ለሊሴ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

አባታችን ይመር የወሎ ሰው ነው። ወታደር ሳለ ምጽዋ ላይ መርከበኛ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ዘመዶቹ ወደ ሰፈሩበት ወደ ወለጋ መጣ፤ ነቀምቴ ላይ እናቴን አገኘና ቀረ። እኔ ሳውቀው ጨለለቂ በሚባለው የነቀምቴ ሠፈር ውስጥ የአንድ እህል ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበር። የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ያወራል። የሠፈሩ ሰው ይወደዋል እንጂ አያምነውም። "ይመር ዛሬስ ዓሣ ነባሪ ስንት ገደልክ?" ይሉታል። እሱ ይስቃል። በኋላ ቤት ሲገባ ግን ዝም ይላል።

ታዲያ አንድ ቀን በጥቅምት አባ እየሮጠ መጣ። አባት ሲሮጥ አይቼ ስለማላውቅ ሰው የሞተ መስሎኝ ማልቀስ ጀመርኩ። ኦቦ ገለታ የሚባሉ የቡና ነጋዴ ቆላው ውስጥ ባለው የግድብ ሐይቅ ዳር ሎጅ ሠርተው፣ ጀልባ የሚይዝና ዋና የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ። እናቴንም ለወጥ ቤት ይወስዷታል። መኖሪያ ክፍል አለ፣ ከተማው ውስጥ ትምህርት ቤት አለ።

እናቴ ጫልቱ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እኛ ልጆቿ "ሀርሜ" እያልን ነው የምንጠራት፤ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። እሷ ደግሞ አባን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ "አባ ለሊሴ" ነው የምትለው፣ የለሊሴ አባት።

"አባ ለሊሴ፣ እዚያ ወባ አለ" አለችው።

"ወባማ እዚህም አለ። እዚህ የሌለው ውኃ ነው" አላት።

ሐይቁ ጋ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። አባ ከመኪናው ሳይወርድ "ሰው ሠራሽ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ። እኔ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰዎች በጀሪካን እየተሸከሙ የሞሉት መሰለኝና ደነገጥኩ፤ ሀርሜ ከቦኖ ውኃ ስታስመጣ ትከሻዋን እንደሚያማት አውቃለሁ። ስንት ሴት ትከሻዋን ታማ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ውኃው መሃል የደረቁ ዛፎች ቆመዋል። እነሱን ደግሞ ወፎች እንዲያርፉባቸው ብለው የተከሏቸው መሰለኝ። ገበሬ መሬቱን ለቆ የሄደበት ማሳ ዛፎች መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ኦቦ ገለታ ሎጁን ያሠሩት ቴሌቪዥን ላይ ያዩትን እያስታወሱ ነበር። የሣር ክዳን ጎጆዎች አሉ። አሸዋውን በሲኖ ትራክ ከወንዝ አስመጥተው ዳሩ ላይ አፍስሰውታል፤ በላዩ ላይ የመረብ ኳስ መጫወቻ ተተክሏል። ከሩቅ አገር የመጡ የዘንባባ ችግኞች በእንጨት ተደግፈው ቆመዋል። ቀጫጭን የፕላስቲክ ታንኳዎች፣ አንድ ሞተር ያለው ጀልባ፣ በፔዳል የምትሄድ ዳክዬ የምትመስል ጀልባም ነበረች። አባ ታንኳዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ ሆዳቸውን መታ መታ አደረገ፤ በሬ የሚገዛ ሰው ይመስል ነበር። በማግሥቱ ነጭ ሸሚዝና ኮፍያ ሰጡት። ከነቀምቴ የሚመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች "ካፒቴን" ይሉት ጀመር። አካሄዱ ተለወጠ። እዚያ ማንም ስለ ዓሣ ነባሪ አልጠየቀውም።

ትምህርት ፈረቃ ስለነበር ከሰዓት ከሰዓት ነፃ ነበርን። አባ መጀመሪያ እኛን ሊያስተምር ተነሣ። እኔ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሰመጥኩ። ሁለተኛም ሞከርኩ፤ ውኃ በአፍንጫዬ ገብቶ ሳለቅስ ዋልኩ። "አብሽሪ፣ አንቺ የየብስ ነሽ" ብሎ ጃኬቶቹን ሰጠኝ። እንግዶች ሲሄዱ በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ ገመድ ላይ እሰቅላለሁ፤ ሲደርቁ በየልካቸው እደረድራለሁ። ሥራ መያዜ አኩርቶኝ ነበር።

ለሊሴ ግን ሌላ ነበረች። አባ በጀርባዋ አስተኝቷት መዳፉን ከወገቧ ሥር አድርጎ ሲያስተምራት እኔ ወገቤ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ አያለሁ።

"አንገትሽን ልቀቂ። ጆሮሽ ይግባ፣ አትፍሪው። ሰማዩን ብቻ እዪ።"

"ይዘኸኛል?"

"ይዤሻለሁ።"

ፀጉሯ እንደ ጥቁር ሣር ተበትኖ ይወዛወዛል።

"አባ፣ እጅህ የት ነው?"

"ቀና ብለሽ ሳታይ ገምቺ።"

እኔ እያየሁት ነው፤ ሁለቱንም እጆቹን ኮፍያው ላይ አድርጓል። ለሊሴ ብቻዋን ተንሳፍፋለች። ስታውቅ አልደነገጠችም፤ ሳቀች። ሳቋ በውኃው ላይ ተንሸራትቶ ማዶ ደርሶ የተመለሰ መሰለኝ። የገና በዓል ሳይደርስ በሆዷ፣ በጀርባዋ፣ ከውኃ በታች ትዋኝ ነበር። ታንኳውን ከጎልማሶቹ ቀድማ ትቀዝፋለች። በጥቁር ቁምጣና በአባ አሮጌ ካናቴራ ስትገባ የቸርች ሴቶች ሀርሜን ይወቅሷታል፤ ሀርሜም "እግሯን ሸፍኚ" ትላታለች እንጂ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ስታያት ማማሰያዋን ይዛ ትቆማለች። ለሊሴ ነቀምቴ ሳለች አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰው ሲጠራት የምትደነግጥ ልጅ ነበረች። ውኃው ውስጥ ትከሻዋ ሰፋ።

አንድ ነገር ግን ነበረባት። በምታደርገው ነገር መሃል ድንገት ትቆማለች። ጉርሻ ወደ አፏ እየወሰደች እጇ አየር ላይ ይቀራል፤ ዓይኗ የሚያይ ግን የማያይ ይሆናል። ከዚያ እንዳልሆነ ሆና ትጎርሳለች። መምህሯ "ለሊሴ ሰማይ ቤት ደርሳ መጣች" እያለ ክፍሉን ያስቃል። እኔ በሐሳቧ እየዋኘች ነው ብዬ ነበር የማስበው። እኔም ደስ የሚለኝን ነገር ሳስብ ፈዝዤ እቀራለሁና።

የካቲት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ከምሳ በኋላ መሬት ላይ ሰሌን አንጥፈን እንተኛለን። አንድ ቀን እግሯ ሲመታኝ ነቃሁ። ለሊሴ ተኝታ ትዋኛለች። ሁለቱም እጆቿ ይርገበገባሉ፣ እግሮቿ ይመታሉ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተለጥጧል። አባ "ውኃው ውስጥ ሆነሽ አየሩን በአፍንጫሽ አስወጪ" እንደሚላት ታንኮራፋለች። ከዚያ ተዘረረች። ሰሌኑ ከሥሯ ርሶ ነበር። ሐይቁ ከሰውነቷ የወጣ መሰለኝ። ስትነቃ ራሴን አመመኝ አለች፤ ምላሷን ነክሳ ስለነበር ደም ተፋች። የሆነውን ስነግራት ምንም አታስታውስም። ሰሌኑን ግን ማንም ሳያይ አጥባ አሰጣችው።

እኔ ሮጬ ለአባ ነገርኩት። "አባ፣ ለሊሴ ተኝታም ትዋኛለች! እጇም እግሯም!"

አባ ሳቀ። ጀልባው ጋ ለነበሩት እንግዶች "ሰማችሁ? ልጄ በሕልሟም ትዋኛለች" አላቸው። "መርከበኛም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ የብስ ላይ ተኝቼ አልጋው ይወዘውዘኝ ነበር።" ሁሉም ሳቁ። ያን ሰሞን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ያወራ ነበር። ለሊሴ ሲያወራ ስትሰማ ትሸሻለች።

አኮ፣ የእናቴ እናት፣ ከኑኑ ቁምባ ሊጠይቁን መጡ። ማርና አይብ ይዘው ነው የመጡት። በሦስተኛው ቀን ለሊሴ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ እፊታቸው ወደቀች። አሁን ዋና አልመሰለኝም። ፊቷ ጠቆረ፤ ከአፏ አረፋ ወጣ። ሀርሜ "ዋቃዮ!" ብላ አምላኳን እየጠራች ጮኸች። አኮ እኔን ጎትተው ከክፍሉ አስወጡኝና ክብሪት ጭረው ጭሱን አፍንጫዋ ሥር ያዙላት። ሲያልፍላት አባ ከውጭ መጣ።

"አባ ለሊሴ፣ ይሄ ጋጋብዶ ነው" አሉት አኮ። ጋጋብዶ የሚጥል በሽታ ነው። "በአገራችን እናውቀዋለን። ልጅቷን ከእሳትና ከውኃ አርቋት። ስትወድቅ ለሃጯ እንዳይነካችሁ፣ ይተላለፋል። ብቻዋን የምትበላበት ሳህን ይኑራት።"

"እማማ፣ ልጄን በሽተኛ አትበሉብኝ" አላቸው አባ። "ፀሐይ መቷት ነው። እንዴት ያለ ነገር ነው! ሳህን ለይተን ልናበላት?"

ሀርሜ ግን ለሊሴን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ አባም ተከተላቸው። እኔን የሚጠብቅ ስለሌለ ይዘውኝ ሄዱ። ከጎጃም የተመደበች ወጣት ነርስ ነበረች። ጥያቄዋን ጨርሳ ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል ጻፈችልን። ከዚያ ክኒን ታዞላት ስንመለስ ነርሷ ለሊሴን እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

"በሽታ ነው እንጂ ጋኔን አይደለም፤ እሺ? ወደ ሰውም አይተላለፍም። ክኒኑን አንድ ቀንም እንዳታቋርጪው። ብቻሽን ውኃ እንዳትገቢ።"

ስንወጣ አባ ትከሻዋን አቅፎ "ሰማሽ?" አላት። "ብቻሽን ነው ያለችው። ብቻሽን አይደለሽም፣ እኔ አለሁ።"

ሀርሜ ወደ እሱ ዞረች። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ለሊሴ አባን የምታይበትን ዓይን ስታይ መልሳ ዘጋችው።

ክኒኑ ሠራ። መውደቁ ቆመ፣ መፍዘዙም ቆመ። ነገር ግን ለሊሴ ሁልጊዜ ገና ከእንቅልፏ እንደተነሣች ሆነች። ስትናገር ትጎተታለች። ውኃ ውስጥ እግሯ ከበዳት፤ ከዚህ በፊት የምትቀድማቸው የሎጁ አስተናጋጆች ይቀድሟት ጀመር። ኦቦ ገለታ ለፋሲካ ማግሥት ትልቅ ዝግጅት አስበው ነበር። የታንኳ ውድድር፣ መረብ ኳስ፣ ከዚያ የካፒቴኑ ልጅ ከዳሩ ተነሥታ ሐይቁ ውስጥ እስካለችው ትንሽ ደሴት ትዋኛለች። ከነቀምቴ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው አለ። ስለ ስፖርት የሚሠራ ባለሥልጣን ይመጣል፣ ልጅቷን ለውድድር ሊመርጣት ይችላል ተባለ። አባ ይህን ሲሰማ ሸሚዙን ራሱ አጠበ።

የሕማማት ሰሞን አኮ ታመሙና ሀርሜ ኑኑ ቁምባ ሄደች። እኔ ጃኬቶቹን እየሰቀልኩ ሳለ አባና ለሊሴ ከእንጨቱ መወጣጫ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

"አባ፣ ክኒኑ እግሬን ያስረዋል። ጭቃ ውስጥ የምዋኝ ነው የሚመስለኝ።"

አባ ከመወጣጫው ስንጣሪ ሰብሮ ውኃው ላይ ጣለ።

"ከወደቅሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ። ድኜ ይሆናል እኮ።"

"እናትሽ ብትሰማ..."

"ለፋሲካ ብቻ። ከዚያ እመለስበታለሁ። አባ፣ በሞቴ።"

አባ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ደሴቷን አየ። "ለዚህ ሳምንት ብቻ" አላት። ለሊሴ ጉንጩን ሳመችው። እኔም እህቴ መዳኗን ከሁለቱም አንደበት ስለሰማሁ ጃኬቶቹን እየዘመርኩ ሰቀልኩ።

እውነትም በማግሥቱ እንደ ዱሮዋ ሆነች። ቀልዷ ተመለሰ፣ እያሳደደች ውኃ ትረጨኛለች። የዚያን ሳምንት ያህል ደስተኛ ሆና አይቻት አላውቅም።

የፋሲካ ማግሥት ዳሩ በሰው ተሞላ። ከጉቶ ጊዳ ወረዳ ገበሬዎች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጥተዋል። ድምፅ ማጉያው አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይጮኻል። ልጆች ዳር ዳሩን ይንቦጫረቃሉ። እኔ ዳክዬዋ ጀልባ ላይ ከአንዲት አስተናጋጅ ጋር ተቀምጫለሁ። ለሊሴ ውኃው ውስጥ ስትገባ ሰዉ አጨበጨበ፤ አባ በታንኳ ጎን ለጎን እየቀዘፈ ተከተላት። ክንዶቿ ሲነሡና ሲወርዱ ፀሐይዋ ትንሸራተትባቸዋለች። የደረቁትን ዛፎች አለፈች። ወደ ደሴቷ ስትቃረብ ባለ ድምፅ ማጉያው "የወለጋ ዓሣ!" ብሎ ጮኸ።

እዚያ ላይ ቆመች። አንድ ክንዷ አየር ላይ ቀረ።

ሰዉ ሰላምታ የምትሰጠው መሰለውና በእልልታ ቀለጠ። ክንዷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እልልታው ጨመረ። እኔ ግን ያን እጅ አወቅሁት። ሰሌኑ ላይ አይቼዋለሁ። "ተኝታለች! ለሊሴ ተኝታለች!" ብዬ ጮኽኩ፤ አስተናጋጇ "ምን አልሽ?" ትለኛለች። አባ ዘሎ ሲገባ ታንኳው ተገለበጠ። ኮፍያው ብቻ ውኃው ላይ ሲንሳፈፍ አየሁ። እልልታው ወዲያው አልቆመም፤ ከፊት ያሉት ዝም ሲሉ ከኋላ ያሉት ገና ያጨበጭባሉ።

አባ ከሥር አወጣት። አንገቷን በክንዱ ይዞ፣ በአንድ እጁ እየዋኘ፣ ሞተሩ ጀልባ እስኪደርስላቸው ድረስ ያዛት። አሸዋው ላይ አስተኝቶ ደረቷን ተጫናት፤ በአፏ ውኃ ወጣ። ተነፈሰች። በሽታው እንደገና ያዛትና ትንቀጠቀጥ ጀመር። አፏ አረፋ ሞላ። ክብ ሠርቶ የቆመው ሰው አንድ ላይ ወደ ኋላ ሸሸ።

"አትንኳት! ለሃጯ እንዳይነካችሁ!" አለች አንዲት ሴት።

አንዱ ክብሪት ጫረ። አንዲት እናት ልጇን ከውኃው ጎትታ አወጣችውና በሳሙና ትፈትገው ጀመር። እሷን ሲያዩ ሌሎቹም ልጆቻቸውን ጠሩ። ጥቂት ቆይቶ ሐይቁ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። አባ ነጩን ሸሚዙን አውልቆ አፏን ይጠርግላት ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ከሩቅ የከበባትን ሕዝብ ነው። እርጥብ ካናቴራዋን ወደ ታች እየጎተተች ጉልበቷን ለመሸፈን ሞከረች።

"ደረስኩ?" አለችው።

"ደርሰሻል" አላት አባ።

ሀርሜ በማግሥቱ ጠዋት ደረሰች፤ ወሬው መንገድ ላይ አግኝቷት ነበር። ለሊሴን ከራሷ እስከ እግሯ ዳሰሰቻት። ከዚያ ክኒኑ ያለበትን ላስቲክ ከኮሜዲኖው አውጥታ አየችው። የቀሩትን ክኒኖች ቆጠረች።

"ማን ነው ተዪው ያለሽ?"

"ማንም። እኔ ራሴ ነኝ" አለች ለሊሴ።

"እኔ ነኝ" አለ አባ። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ጫልቱ፣ እኔ ነኝ የፈቀድኩላት።"

ሀርሜ ትጮኻለች ብዬ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። "ይመር" አለችው፣ በስሙ፣ እንደማታውቀው ሰው። "ይመር፣ ከመንገዱ ዞር በልልኝ፤ ልለፍ።" ከዚያን ቀን በኋላ አባ ለሊሴ ብላ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም።

ነርሷ ቤታችን ድረስ መጥታ ለሊሴን መረመረቻት። ክኒኑን እንደገና ስትጀምር መውደቁ ቆመ፤ ነርሷም ይህን ላገኘችው ሰው ሁሉ ትናገር ነበር። የሚሰማት ግን አልተገኘም። ትምህርት ቤት ለሊሴ የምትቀመጥበት ዴስክ ላይ ከእሷ በቀር የሚቀመጥ ጠፋ። ከቧንቧው ስትጠጣ ልጆች ሌላ ቧንቧ ይፈልጋሉ። እኔን "የዚያች የወደቀችው ልጅ እህት" ይሉኛል፤ እኔም አብሬያት እንዳልሄድ አንዳንዴ ጫማዬን የማስር መስዬ ወደ ኋላ እቀር ነበር፤ እሷም ታውቅና ሳትዞር ትሄዳለች። የቸርች ሴቶች ሊጸልዩላት መጡ። መሃል አስቀምጠዋት እየጮኹ ጸለዩ፤ አንዷ "ውጣ!" ትላለች። ለሊሴ ጣሪያውን እያየች ትቀመጣለች። ሲሄዱ "ማን ነው የሚወጣው?" ብላ ጠየቀችኝ።

በሎጁም እንግዳ ቀረ። የሚመጡትም ዓሣ በልተው፣ አሸዋው ላይ ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ውኃው ውስጥ የሚገባ የለም። የሚጥላት ልጅ የዋኘችበት ሐይቅ ነው ተባለ። ያ ሁሉ ውኃ! ማዶው የማይታይ ውኃ በአንድ ልጅ ለሃጭ ይበከላል ብለው ፈሩ። እኔ ጃኬቶቹን ሳይለበሱ ማጠቡን ቀጠልኩ፤ ተዪ ያለኝ ሰው አልነበረም። ዘንባባዎቹም አንድ በአንድ ከጫፋቸው ደረቁ።

ኦቦ ገለታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ግንቦት ላይ መጥተው የአባን እጅ ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆሙ።

"ካፒቴን፣ ምን ላድርግ? ሰው እኮ ነው።"

"ይገባኛል ኦቦ።"

"ልጅቷ ከዚህ ብትርቅ ምናልባት ይረሱታል። መኪናዬ ያድርሳችሁ።"

"ይገባኛል" አለ አባ እንደገና። ሸሚዙንና ኮፍያውን አጣጥፎ ሰጣቸው። እሳቸው ላለመቀበል እጃቸውን ወደ ኋላ ቢሰበስቡም ወንበር ላይ አስቀመጠላቸው።

የምንሄድ ቀን ፍራሻችንንና ድስቶቹን ፒካፑ ላይ ከጫንን በኋላ ለሊሴ ጠፋች። ሀርሜ ቀለሟ ተለወጠ። አባና እኔ ስንሮጥ ከእንጨቱ መወጣጫ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣለች። እግሮቿ ውኃውን ሳይነኩ ከበላዩ ተንጠልጥለዋል።

"አልገባሁም" አለች ወዲያው።

"አይቻለሁ" አላት አባ። ከኋላዋ ቆመ።

"አባ፣ እግሬን ብቻ ልንከር? አንተ ያዘኝ።"

አባ ውኃ ልግባ ብሎ የለመነውን ሰው እምቢ ብሎ አያውቅም። ልጅ፣ ሽማግሌ፣ ወፍራም፣ ፈሪ ሳይል እጁን ዘርግቶ "ና ግባ፣ አብሽር" የሚል ሰው ነው። አሁን እጆቹን ብብቱ ሥር ሸሸጋቸው።

"ተይ ልጄ" አላት። "ተይ፣ ይቅርብን።"

ለሊሴ አልተከራከረችም። ከሁሉ የከፋብኝ ይሄ ነው፤ በነቀምቴው ዘመኗ እንደነበረው አንገቷ ወደ ታች ወረደ። እግሮቿን ሰበሰበች፤ ደረቅ ቢሆኑም በቀሚሷ ጠርጋ ጫማዋን አደረገች።

ሀርሜ ጋቢና ገባች። እኛ ሦስታችን ከኋላ ፍራሹ ላይ ተቀመጥን። ዝናቡ ጀማምሮ ስለነበር አቧራው በርዷል። አባ ወደ ሐይቁ ዞሮ ተቀመጠ፣ ለሊሴ ጀርባዋን ሰጥታ። ዓይኗን ስለጨፈነች የተኛች መስሎኝ እጇን ያዝኩት። አጥብቃ ጨበጠችኝ። ጨለለቂ እስክንደርስ አልለቀቀችኝም።

ቤታችን እንደዘጋነው ነበር። ሀርሜ መስኮቶቹን አልከፈተችም፣ ዕቃም አላወረደችም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደችና የውኃውን በርሜል ፈለገች። ከቆርቆሮ ቁራጭ ክዳን አበጀችለት፤ በላዩ ላይ ከአጥሩ ሥር አንሥታ ትልቅ ድንጋይ ጫነችበት። አንዱ አላረካትም፤ ሌላ ጨመረች። ከዚያ ከሰል ማንደጃውን ከቤት አውጥታ ጎረቤት ወሰደችው። አባ ፍራሹን ትከሻው ላይ እንደያዘ ግቢው መሃል ቆሞ ያያታል። ላግዝሽ አላላትም።

ለሊሴ በርሜሉን አየች፣ ድንጋዮቹን አየች። ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ሲፈን" አለችኝ፤ እኔን ነው። "በሩን ዝጊው። ሰው ያየናል።"

ዘጋሁት።